የባና ቼዌ የስክሪን ጥረጋ

በመዳብ ማዕድን ከተማዋ በሉዋንሺያ ፀሐይ ወጥታ ግቢው ያልተጠረገ ቤት ስሙ በደግ አይነሳም። ባና ቼዌ ደግሞ ስማቸው በደግ እንዲነሳ አጥብቀው የሚፈልጉ ሴት ናቸው። ገና ጎህ ሲቀድ የጨርቅ ሽርጣቸውን፣ ቺቴንጌያቸውን፣ ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ይጀምራሉ። መጥረጊያው በቀዩ አፈር ላይ መስመር በመስመር ይሄዳል፤ ቅጠሉ ከጓሮው ጉድጓድ ይገባል። መንገደኛ ሲያልፍ ቀና ብሎ እንዲያይ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጋሉ ብለው የሚያሟቸው ጎረቤቶችም አሉ።

ባና ቼዌ ማለት የቼዌ እናት ማለት ነው። የራሳቸውን ስም የሚያስታውሰው የጡረታ ቢሮው ብቻ ነው። ወጣትነታቸውን የጨረሱት በመዳብ ማዕድኑ ስልክ ማዞሪያ ቤት ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ነው። የሥራው ሕግ አንድ ነበር፦ ገመዱን መሰካት፣ ሁለቱ ሰዎች «ሃሎ» መባባላቸውን መስማት፣ ከዚያ ጆሮን መንቀል። ባና ቼዌ ይህን ሕግ አንድ ቀን ጥሰው አያውቁም። የተነቀለ ጆሮ ግን የማወቅ ፍላጎቱ አብሮ አይነቀልም። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ማንን ሊያገባ እንደሚያስብ ከደዋዩ አተነፋፈስ ብቻ ሲገምቱ ኖረዋል፤ ብዙ ጊዜም አልተሳሳቱም።

ማዞሪያ ቤቱ ሲዘጋ ከአሮጌው መሣሪያ ላይ አንዲት ጥቁር ክብ እጀታ ለመታሰቢያ ይዘው ወጡ። ነፍሳቸውን ይማርና አናጢው ባለቤታቸው ያኔ ቡፌ እየሠሩ ነበር፤ እጀታዋን ከቀኙ በር ላይ ገጠሟት። ቡፌው ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ብዙ ዘመን ቆየ። አንድ ልጃቸው ቼዌ ንካንዱን ሲያገባ በጭነት መኪና ሉሳካ ተላከለት። ከግድግዳው ላይ የተነሳበት ቦታ ዙሪያው በከሰል ጭስ ጠቁሮ እሱ ብቻ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ባና ቼዌ ቀለም ሊቀቡት ብዙ ጊዜ አስበው ብዙ ጊዜ ትተውታል።

ቼዌ በበኩሉ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ አሮጌውን ለእናቱ አመጣላቸው። የቤተ ክርስቲያኑን የሴቶች መዘምራን መዝሙር ይጽፉበታል፤ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ያዩበታል። በዚህ ዓመት ደግሞ የልጅቱን ፊት በቀጥታ ለማየት ብለው ኢንተርኔት የሚያመጣውን ሳጥን አስገቡ። ጉዱ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው።

አንድ ጠዋት ግቢውን ጠርገው ገብተው ኮምፒውተሩን ቢከፍቱ ስክሪኑ ላይ የማያውቋቸው አይከኖች ፈስሰዋል። መዝሙሮቻቸው በመካከል ተጨናንቀው፣ በለቅሶ ቤት ቦታ እንዳጡ ዘመዶች፣ ጥግ ጥጉን ይዘዋል። ባና ቼዌ ያለ ብዙ ማሰላሰል ጠራረጓቸው። በማግስቱ ሁለት መጡ፤ ጠረጓቸው። በሦስተኛውም ቀን መጡ። ከዚያ በኋላማ ግቢው ከተጠረገ በኋላ ስክሪኑን መጥረግ የጠዋት ሥራቸው ሆነ።

ነገር ግን ይገርማቸው ነበር። የሚመጡት ትንንሽ ፎቶዎች ናቸው። ሰኞ ሶፋ መጣ። ረቡዕ ፍሪጅ መጣ፤ ቴሌቪዥን ተከተለ። አንድ ሰው ዕቃውን ጭኖ በስክሪናቸው በኩል ቤት የሚገባ ይመስል ነበር። ማን ነው? ለምን ወደ እሳቸው? ሥራ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ትንፋሹን ሰምተው ይገምቱ ነበር፤ ፎቶ ግን አይተነፍስም። ማስታወቂያ ነው ብለው ተጽናኑ። ያም ሆኖ ነገ ምን ይመጣ ይሆን እያሉ መጥረጊያውን ከወትሮው ፈጠን ማድረግ ጀመሩ።

ገበያው ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ሬዲዮና ኮምፒውተር የሚጠግነውን ሎምቤን አስጠሩት። ሎምቤ ፀጉሩ መሸሽ የጀመረ፣ እጁ ከሚሠራው ይልቅ አፉ የሚሠራ ሰው ነው። ቫይረስ ነው አለ። የማያውቁትን አይከን እንዳይከፍቱም አስጠነቀቃቸው፤ የማይታወቅ ሰው ሲያንኳኳ በር አይከፈትም አላቸው። የቫይረስ መድኃኒት ጫነ፤ አይከኖቹ መጡ። የመዘምራኑ ጸሐፊ ፍላሽ ነው ያመጣው ብሎ ምስኪኗን ሴትዮ ወነጀለ፤ ፍላሹ ከተነቀለ በኋላም መጡ። በሦስተኛው ጉብኝቱ አንድ ነገር ነካ ነካ አድርጎ ስክሪኑን ባዶ ሜዳ አደረገውና ደረቱን ነፋ።

«ጠፉልዎት አይደል፣ ባማዮ?» አለ፤ እናቴ ማለቱ ነው።

«ጠፉ። መዝሙሮቼም አብረው ጠፉ» አሉት ባና ቼዌ። «አንተ ግቢ ጥረግ ሲሉህ መብራት የምታጠፋ ሰው ነህ።»

ሎምቤ የሸሸገውን መልሶ ገለጠ። ያልተጠረጉት ፎቶዎች ሁሉ ከነመዝሙሩ ተመለሱ።

በዚህ መሐል ከሉሳካ ስልክ መጣ። የደወለችው ባና ሙኩካ ናት፤ ንካንዱን ከሠርጓ በፊት ስለ ትዳር የመከረቻት ሴት። በዚያ አገር ትዳር ሲሰነጠቅ ድምፁ መጀመሪያ የሚሰማው መካሪዋ ጆሮ ውስጥ ነው። ቼዌና ንካንዱ ተጣልተዋል አለች። ቼዌ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስቀምጠው ነገር ጠዋት ይጠፋበታል፤ ቤት ውስጥ ከሚስቱ ሌላ ሰው የለም፤ እሷ ደግሞ አልነካሁም ብላ ትምላለች። ነገሩ ከሮ ልጇን ይዛ ካሳማ ወላጆቿ ዘንድ ልትሄድ ነው። ምን እንደሚያስቀምጥ ባና ሙኩካም አልተነገራትም፤ የሥራ ነገር ሳይሆን አይቀርም አለች።

ባና ቼዌ ደማቸው ፈላ። «እሷ ካልነካችው ማን ነካው? ግድግዳው ነው?» አሉ። «የባልን ሥራ ማበላሸት ከማን ተማረች? በደንብ አድርገሽ ንገሪያት።»

ቃሉ በዚያው ቀን ንካንዱ ዘንድ ደረሰ። የአማት ቃል ደግሞ መንገድ ላይ አይጎድልም፤ ይጨምራል እንጂ። ባና ቼዌ ግን ስልኩን ዘግተው፣ ለቼዌ እያዘኑ፣ ስክሪናቸውን ከፍተው ያደረውን ጠረጉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ከሰሞኑ አንድ ጠዋት ግን የድሮ ሥራቸው መጣባቸው። ማዞሪያ ቤት ሳሉ መስመር ሲንጫጫ መጀመሪያ የሚያደርጉት ገመዱን ነቅሎ ማዳመጥ ነበር። የኢንተርኔቱን ሳጥን ገመድ ነቀሉ። በማግስቱ አንድም አይከን አልመጣም፤ በሦስተኛውም ቀን ስክሪኑ እንደ ግቢያቸው ንጹሕ ነበር። እንግዲያው ከወዲያ በኩል ሰው አለ አሉ ለራሳቸው። ገመዱን መልሰው ሰክተው ወንበር ሳቡና እንደ ጥንቱ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዓይናቸው እያየ አንድ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ዱብ አለ።

ቡፌ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው በቺቴንጌያቸው ጠርገው መልሰው አደረጉ። የቀኙ በር እጀታ ጥቁር ክብ ናት።

ሎምቤ እስኪመጣ ከወንበሩ አልተነሱም። መጥቶ ኮምፒውተሩን ሲበረብር ቆየና፣ ላይ ከጥግ የተጻፈ ስም አሳያቸው። የልጃቸው ስም ነው። ቼዌ ኮምፒውተሩን ሲሰጣቸው አካውንቱን ሳይነቅል ትቶታል።

«ሁለቱ ኮምፒውተሮች ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት» አላቸው። «እሱ እዚያ ያስቀመጠው እዚህ ይወጣል። ኢንተርኔት እስኪገባ ድረስ ግን መንገድ አልነበረውም።»

«እኔ እዚህ የማጠፋውስ?»

ሎምቤ ማውሱን ለቀቀ። «እዚያም ይጠፋል፣ ባማዮ።»

ከዚያ የኮምፒውተሩን የቆሻሻ ቅርጫት ከፈተው። ባና ቼዌ የጠረጉት ሁሉ እዚያ ተከምሮ ነበር፤ የሚያቃጥለው ጠፍቶ እንደከረመ የቅጠል ጉድጓድ። ሎምቤ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ትልቅ አደረጋቸው። ሶፋው የቼዌ ሶፋ ነው፤ ዳንቴሉ ተገፍፎለት ነው ያልለዩት። ፍሪጁ የቼዌ ፍሪጅ ነው። ምንጣፉ፣ የብረት ምጣዱ፣ ቴሌቪዥኑ። በመጨረሻ የልጅ ልጃቸው ትንሽ አልጋ ወጣች፤ ሥሯ ላይ የሽያጭ ዋጋ ተጽፏል።



ባና ቼዌ መገመት አላስፈለጋቸውም። ሥራ ያለው ሰው የልጁን አልጋ አይሸጥም። ባለፈው እሑድ እንኳ ሲደውል ሁሉ ደህና ነው፣ ሥራም ደህና ነው ብሏቸዋል። ሊሸጥ ፎቶ ባነሳ ቁጥር እናቱ እየጠረጉበት፣ እሱ ሚስቱን እየጠረጠረ፣ እሳቸውም ከላይ ሆነው እየፈረዱባት ከርመዋል። አፈሩ። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ያፈሩበት ቀን ትዝ አይላቸውም።

ሎምቤ ከቅርጫቱ እያወጣ ወደ ቦታቸው መለሳቸው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምክር ቢጤ ወረወረ። ፎቶዎቹ ተመልሰዋል፤ አሁን አካውንቱን ቢነቅለው ሁሉ ነገር ይቆማል፤ ቼዌም የኮምፒውተር ጣጣ ነበር ብሎ ይረሳዋል። ማንም ማንንም ሳያሳፍር ሆድ ይፍጀው።

ምክሩ ክፉ አልነበረም። በዚያ አገር ጎልማሳ ልጅ ችግሩን ከእናቱ ከደበቀ፣ እናት አየሁህ ብላ አታዋርደውም። ባና ቼዌ እውነቱን ቢናገሩ የልጃቸውን ገመና ይገልጣሉ። ዝም ቢሉ ደግሞ ንካንዱ ያላደረገችውን ተሸክማ ካሳማ ትገባለች።

«ልንቀለው?» አለ ሎምቤ።

«ቆይ» አሉት።

ስልካቸውን አነሱና አማት በምራቷ መካሪ በኩል ካልሆነ የማታደርገውን አደረጉ፤ በቀጥታ ለምራታቸው ደወሉ።

«ንካንዱ፣ ፎቶዎቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። «የትኞቹን ፎቶዎች፣ እማማ?»

ሻንጣዋን አስራ፣ ተወንጅላ፣ ያም ሆኖ የባሏን ገመና አሁንም አልገለጠችም። ባና ቼዌ እንባቸው መጣ።

«ማስታወቂያ መስሎኝ ጠረግኋቸው። የእናንተና የእኔ ኮምፒውተር አንድ እንደሆነ ዛሬ ነው የሰማሁት። አንቺን ደግሞ ሳልጠይቅ ፈረድኩብሽ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ሻንጣዬ በር ላይ ነው፣ እማማ» አለች ንካንዱ። ድምፅዋ ቁጣም ልቅሶም አልነበረም። «ማልኩለት እኮ። ቼዌ ግን እናቴ እንኳ አንቺ ነሽ ብላለች አለኝ።»

«ሻንጣሽን መልሺ የምልበት አፍ የለኝም። ባና ሙኩካ ዘንድ ግን አሁኑኑ እደውላለሁ። ስምሽን ያጠፋው አፍ ይመልሰው።»

«ለቼዌስ? ማወቅዎን የሰማ እንደሆነ ...»

«ለእሱ እኔ የማውቅበት መንገድ አለ።»

ለባና ሙኩካ ደውለው የእኔ ጥፋት ነው አሉ፤ የሸፋፈኑት ነገር የለም፤ የዕቃውን ነገር ግን አላነሱም። ከዚያ ወጥ ቤት ገቡና በስልካቸው ግድግዳውን ፎቶ አነሱት። ፎቶው ላይ ሰው የለም፤ ጽሑፍ የለም። በጭስ የጠቆረ ግድግዳ፣ መሐሉ ላይ ቡፌ የሚያክል ነጭ ቦታ። ሎምቤ ስክሪኑ ላይ፣ ከቡፌው ፎቶ ጎን፣ አስቀመጠላቸው። ሲወጣ የሥራ ዋጋ አልጠየቀም።

በማግስቱ ግቢውን ጠርገው ገቡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ሶፋው አለ። አልጋዋም አለች። ስክሪኑ ተዝረክርኳል፤ ባና ቼዌ ግን ማውሱን አልነኩም። ረፋዱ ላይ የቡፌው ፎቶ ጠፋ። እሳቸው እንዳልሆኑ ለማረጋገጥ እጃቸውን አዩ። ከጎኑ የነበረው የግድግዳው ፎቶ ግን አለ።

ስልኩ ጮኸ። ቼዌ ነው። ስለ ዝናቡ ጠየቀ፤ ዘንድሮ ዘግይቷል አሉት። ስለ አቮካዶው ጠየቀ፤ ወፍ ጨረሰው አሉት። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። ባና ቼዌ ያን ዝምታ ከሥራቸው ያውቁታል፤ ሰው መናገር ሲፈልግ መስመሩን የሚይዝበት ዝምታ ነው። ጆሯቸውን አልነቀሉም።

«እማዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ያ ግድግዳ ወርዱ ስንት ነው?»

ከኋላው የንካንዱ ድምፅ ተሰማ፤ ልጅቱን ጫማሽን አድርጊ ትላለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉት ባና ቼዌ። «መጥታችሁ ለኩት።»