የቀጨኔ ዳገት ፈተና

ጎረቤቴ የሚሸጣትን ትንሽ መኪና መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ሞተሯን አዳመጠና፣ «ደህና ናት፣ ቤንዚንም አትበላም። ግን መኪና ባዶውን አይፈተንም፤ ቤተሰብህን ሙላና ቀጨኔ ዳገት ላይ ሞክራት» አለኝ።

ቤተሰብ ከየት ላምጣ? እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ ሳስነጥስ እንኳ «ይማርህ» የሚለኝ የለም። ይህን ለእሱ መንገር አስጠላኝ። ጳውሎስ ሆስፒታል ጋ ታክሲ ከሚጠብቁት አራት ሰዎች በነፃ ጫንኩ። ወዲያው እንደ ዘመድ ያወሩ ጀመር። መኪናዋ ዳገቱ ወገብ ላይ አቃሰተች፤ በአንደኛ ማርሽ እንደምንም ወጣች። አንዲት እናት ሲወርዱ፣ «ከነቤተሰብህ በደህና ንዳት፣ ልጄ» ብለው መረቁኝ።

መካኒኩ የሆነውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«ተዋት። ይቺ የአንድ ሰው መኪና ናት።»

በዚያው ቀን ገዛኋት።