ነዳጅ ስትሞላ የማትነሳው መኪና

አፖንዲ መካኒክ ከመሆኗ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ነዳጅ ቀድታለች። ከማደያው ለምን እንደወጣች ግን ለማንም አታወራም ነበር። እዚሁ ኪሱሙ ከተማ፣ ኮንዴሌ ሰፈር ውስጥ፣ ከጋራዧ አጥር ሥር ዓሣ እየጠበስኩ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤቷ ስሆን፣ ነገሩን የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ መምህር ኦጉቱ ሊጮሁባት የመጡ ቀን።

መምህር ኦጉቱ ከአሄሮ ከተማ ናቸው። ርዕሰ መምህር ሆነው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከሰው ጋር ሲያወሩ አሁንም ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስላቸዋል። ትንሽ ነጭ መኪና አለቻቸው። መኪናዋ ሌላ ጊዜ ደህና ናት፤ ነዳጅ በሞላች ቁጥር ግን አልነሳም ትላለች። ቁልፉ ሲዞር ታጓራለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ጭጭ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ከቆመች በኋላ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሳለች። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶ ቀርቷል። ሦስት መካኒኮች ካንዴላውን፣ ባትሪውን፣ በመጨረሻም የነዳጅ ፓምፑን ቀይረውላቸዋል። ምንም ጠብ አላለም።

መጀመሪያ የመጡ ቀን ኮፈኑን እንኳ ሳትከፍት፣ በትውልድ አገሯ ጠርተው "ስሚኝ የአሌጎ ልጅ፣" አሏት፤ "መኪናዬ ጤነኛ ናት። ውሃ የተቀላቀለ ቤንዚን እየሸጡልኝ ነው። እዚያ ከተማ መግቢያው ማደያ የምትቀዳልኝን ሴትዮ ለሥራ አስኪያጁ ነግሬ ከቦታዋ አስነስቻታለሁ። አሁን ሌላ ቦታ ነው የምቀዳው።"

"ሌላ ቦታ ሲቀዱስ ትነሳለች?"

"የት ተነስታ! ሁሉም ሌቦች ናቸው።"

አፖንዲ እጇን በጨርቅ ስትጠርግ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

ኮፈኑን ከፍታ ከሞተሩ ጎን አንዲት ጥቁር ዕቃ ፈታች። እንቁላል ታህላለች፤ ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦና አንድ ሶኬት ተሰክቶባታል። በአንዱ ጫፍ ነፋችባትና ለመምህሩ አቀበለቻቸው።

"ይንፉ።"

"እኔ?"

"እርስዎ። እኔ ብነግርዎት አያምኑኝም።"

በመሐረባቸው ጠርገው ነፉ። ትንፋሻቸው በሌላው ጫፍ ወጣ።

"ይቺ ቫልቭ ኤሌክትሪክ ካልደረሳት ዝግ መሆን አለባት" አለች። "ከታንከሩ የሚወጣው የቤንዚን ትነት አየር ላይ እንዳይበተን ከሰል ያለበት ጣሳ ውስጥ ይጠራቀማል። ሞተሩ ሲሞቅ ይቺ ትከፈትና ትነቱ እዚያው ይቃጠላል። የእርስዎ ተከፍታ ቀርታለች። ነዳጅ ሲሞሉ ትነቱ በሙሉ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ ታፍኖ አልነሳም ይላል። ውሃ የሚባል ነገር የለም።"

ከወዲያ ማዶ ጎማ የሚጠግነው ኦሙጋ ጣልቃ ገባ። "ለአንድ ትነት ይሄ ሁሉ ጣጣ! አውጥተሽ ጣያትና ቱቦውን ድፈኚው።"

"ትነቱስ የት ይሂድ?"

"ወደ ሰማይ!"

"ሰማይ ሳይደርስ የሷ እሳት ላይ ነው የሚያርፈው" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

እኔም፣ "ኦሙጋ፣ ዛሬ ዓሣ አታገኝም" አልኩት።

አዲስ ቫልቭ ከናይሮቢ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያው ብላ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮቹ ያገለገለች አምጥታ ገጠመች። ቢጫው መብራት ጠፋ፣ መኪናዋ ተነሳች፣ መምህሩም ደስ ብሏቸው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን በሞተር ሳይክል ታዝለው መጡ። ሳይወርዱ ነው መጮህ የጀመሩት።

"ማደያ ውስጥ ገትራኝ ቀረች! ሰው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋብኝ! አንቺም ያው እንደነሱ ነሽ!"

መንገደኛው ቆመ። ኦሙጋ ሥራውን ትቶ መጣ። አፖንዲ ከመኪና ሥር ወጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

"ያቺን አሮጌ ቫልቭ ነፍቼ አልሞከርኳትም" አለች። "ሻጩ ሞክሬያታለሁ ሲለኝ አመንኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

መምህሩ ከሞተር ሳይክሉ ወረዱ።

"እኔን ከማደያው ያስባረረኝ ሰውዬ ግን እንዲህ አላለም" ስትል ቀጠለች። "ቀድቼለት መኪናው አልነሳ አለ። ውሃ ነው ብሎ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ቤንዚን ጠርሙስ ውስጥ ቀድቶ ቢያይ ውሃው ከታች ይዘቅጥ ነበር፤ ካለ ማለቴ ነው። አላየም። የዚያኑ ቀን አስወጣኝ። ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ የወንድሜ ጋራዥ ሰው ይፈልግ ነበር፣ ገባሁ። በአራተኛው ዓመት አንዲት መኪና ስፈታ ይቺኑ ዕቃ ተከፍታ አገኘኋት። የዚያ ሰውዬ መኪና ምን ሆና እንደነበር ያኔ ገባኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።"

እሷን ስሰማ መጥበሻዬ ላይ አንድ ዓሣ አረረብኝ።

"እና አሁን ምን ይሻላል?" አሉ መምህሩ ቀስ ብለው።

"እንሂድና አብረን እንምረጥ።"

አሮጌ ዕቃ ተራ ውስጥ ሁለቱ ጎማ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቫልቭ ሲነፉ ያየ ሁሉ እስካሁን ያወራዋል። ስድስቱ አየር አሳለፉ። ያቺን አሮጌ ቫልቭ የሸጠላት ሰው ድሮ ያስተማሩት ሆኖ ተገኘ።

"መምህር፣ እኛን ክፍል ውስጥ ፉጨት እየከለከሉ!" አላቸው።

"ዝም በል፣ አንተ እስከዛሬም መልስህ ሁሉ ስህተት ነው። የሸጥክላትም ያው ነው" አሉትና ሰባተኛውን አነሱ። ነፉ። ጉንጫቸው አበጠ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ አየሩ አላልፍ አለ። አፖንዲ የባትሪ ሽቦ ስታስነካት ቀጭ ብላ ተከፈተች።

መኪናዋ ወደቆመችበት ማደያ ሄደው ገጠሟት። ይሁን እንጂ ሥራው አለቀ የሚባለው ነዳጅ ቀድተው ወዲያው ስትነሳ ነው። አፖንዲ፣ "መጀመሪያ የተጣሉበት ማደያ እንሂድ" አለች። መምህሩ መሪውን ወደዚያው አዞሩ።

እዚያ አፉ ድረስ ሞሉ። ቁልፉን ሲያዞሩት በመጀመሪያው ተነሳች። መምህሩ ግን ሞተሩን አጥፍተው ወረዱና ሥራ አስኪያጁን አስጠሩ። ቀጂዎቹ ሁሉ በሚሰሙበት ድምፅ፣ "ነዳጅህ ንጹሕ ነው። የተበላሸችው የኔ መኪና ናት። አኮት ላይ በሐሰት ተናግሬባታለሁ" አሉት።

አኮት የተባለችው ሴትዮ ከጀርባ መኪና እንድታጥብ ተመድባ ነበር። እጇ አረፋ እንደሆነ መጥታ ሰማች። "እሺ መምህር" አለችና ወደ እጥበቷ ተመለሰች። ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ወደ ቀድሞ ቦታዋ መለሳት።

ሲመለሱ መምህሩ፣ "አንድ ቃል እንኳ አልጨመረችም እኮ" ብለው አጉረመረሙ።

"ምን ትጨምር?" አለቻቸው አፖንዲ።

ኮንዴሌ እኔ ጋ ሲደርሱ መምህሩ ዓሣና ከበቆሎ ዱቄት የሚገነፋ ኡጋሊ አዘዙ፤ ለሷም አዘዙላት። በአራተኛው ሳምንት አዲሷ ቫልቭ ከናይሮቢ መጣች። አፖንዲ ከመግጠሟ በፊት እሷንም ነፋችባት።