ማዘንጊያ ጓንቷን ያወለቀች ዕለት

በካርቱም ሰላምታ ከትከሻ ይጀምራል። ሰው መጀመሪያ የወዳጁን ትከሻ በመዳፉ ይነካል፤ ቀጥሎም ይጨብጠዋል። ለማዘንጊያ ግን ከዓመታት ወዲህ ከትከሻዋ አልፎ እጇ ላይ የደረሰ ሰላምታ አልነበረም።

በዴም ሠፈር ሹሩባ እየሠራች የምትተዳደር ኢትዮጵያዊት ስደተኛ ነበረች። በመጀመሪያ ብርድ በነካቸው ቁጥር ጣቶቿ ይነጡ ጀመር፤ ኋላም የእጆቿ ቆዳ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ አንገቷና ደረቷ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጣ። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሸሹ። ግድግዳ የምትጋራት ዘሃራ እንኳ የእርሷን ብርጭቆ ለብቻው ማስቀመጥ ጀመረች። ማዘንጊያም ጥቁር ጓንት አጥልቃ በሯን ዘጋች።

ሐኪም ቤት ሳትሄድ ቀርታ አይደለም። በከተማው ፊታቸውን ለማቅላት ክሬም የሚቀቡ ሴቶች ብዙ ናቸውና፣ ያዩዋት ሐኪሞች ሁሉ ከነጠብጣቡ ሳያልፉ ክሬሙን እንድትተው አዘዟት። ተቀብታ እንደማታውቅ ብትምልም አላመኗትም። እጇን የዳሰሰ አልነበረም። ማየት ብቻውን መመርመር የሚመስላቸው ሰዎች በየሙያው አሉ።

የሱዳን አብዮት ሲፈነዳና ሕዝቡ በጦር ኃይሉ መምሪያ ፊት ሲሰፍር፣ ማዘንጊያም ትሄድ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማንንም እጅ የሚመለከት አልነበረምና። አንድ ቀን ሙቀቱ አዝለፍልፎ ጣላት። በሕክምናው ድንኳን ያነሣቻት ኑሲባ ነበረች፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት፣ አባቷ ሱዳናዊ የሆነች ወጣት የቆዳ ሐኪም። የማዘንጊያን ጓንት አውልቃ ቆዳዋን በሁለት ጣት ልትቆነጥጠው ሞከረች፤ አልያዝ አላት። ከምርመራ በኋላ ስክሌሮደርማ የተባለ፣ እምብዛም የማያጋጥም ሕመም መሆኑን፣ በንክኪም እንደማይተላለፍ፣ ቀደም ብሎ ቢታወቅ ኖሮ ግን ብዙ ሊረዷት ይቻል እንደነበር ነገረቻት።

የሽግግሩ መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ፣ የብርዱ ወራት ሲገባ፣ ኑሲባ በየተራ ልታስተምራቸው ካሰበቻቸው ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹን ሰብስባ፣ እጇን እንዲዳስሱት ማዘንጊያን ለመነቻት። አንቱታን በማያውቀው አማርኛዋ፣ በዐረብኛ አክስቴ ብላ ጀምራ፣

«ኻልቲ፣ በመጽሐፍ አንብበውታል፤ በእጃቸው ግን አያውቁትም። ነገም ሌላዋን ክሬም ተዪ ይሏታል» አለቻት።

«አሁንም ባያምኑኝስ?»

«አንቺ አትናገሪ። እጅሽን ብቻ ስጫቸው።»

በስብሰባው አዳራሽ ሐኪሞቹ የላስቲክ ጓንት ሲያጠልቁ ኑሲባ ከለከለቻቸው፤ የቆዳው ጥንካሬ በጓንት አይለይም ነበርና። እጃቸውን ታጥበው ተራ በተራ ቀረቡ። ከመካከላቸው ዶክተር አብደልራሒም ነበሩ፤ ከሁሉ አስቀድመው ክሬሙን ተዪ ያሏት ሽማግሌ። እርሷ ዐወቀቻቸው፤ እርሳቸው አላወቋትም። ለመቆንጠጥ ሞክረው አልሆነላቸው ሲል፣ እጇን እንደያዙ ቆሙ።

ማዘንጊያ ለዚህ ሰው የምትለውን ስታሰናዳ ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን መዳፋቸው ሞቃት ነበር፤ ከተናገረች የሚለቋት መሰላትና ዝም አለች።

ወደ ማታ በባለ ሦስት እግር ሪክሻ ተመለሰች። ጓንቱን በአዳራሹ ወንበር ላይ ትታው ነበር። ዘሃራ በር ላይ ትከሻዋን ነካቻት። ማዘንጊያም ባዶ እጇን ዘረጋች። ዘሃራ የተዘረጋውን እጅ አየች፤ ኢንሻላህ ይሻልሻል ብላ የራሷን በተጠቀለለችበት ቶብ ውስጥ ሸሸገች፤ ገባችም።

የተዘረጉት ጣቶች በብርዱ ቀስ በቀስ ነጡ። ማዘንጊያ ወደ ክፍሏ ገብታ ወደ ኑሲባ ደወለች።

«ሌሎቹን ሐኪሞች የምትሰበስቢያቸው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።