ግማሽ ተብሎ የተሰጠ ሩብ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነቀምቴ ላይ በዝናብ ተጀመረ። አለቃዬ ኦቦ ቶለሳ፣ አንጋፋ ቀያሽ፣ የሜትሩን ጫፍ አስይዘውኝ «ወጥር! የረገበ ሜትር ይዋሻል!» ብለው ጮኹብኝ። ጭቃ ውስጥ ቆሜ ስወጥር ዋልኩ። ጩኸታቸው ደግነት እንደነበር የገባኝ ሌላ ዓይነት አለቃ ካየሁ በኋላ ነው።

ያኛውን ያየሁት ስሟን በማልጠራት የመንገድ ዳር ከተማ ነው። መንገዱ ሊሰፋ ሲል የአንዲት እናት፣ የአዴ ጫልቱ፣ ግቢ ተወሰደ። ሃያ ሜትር በሃያ ሜትር ነበር። ከመንደሩ ጀርባ የግቢያቸውን ግማሽ የሚያህል ቦታ እንደሚሰጣቸው በስብሰባ ቃል ተገባላቸው። እሳቸውም ተስማሙ፤ አንድ ቤት ለራሳቸው፣ አንድ ደግሞ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ይዛ ለተመለሰችው ልጃቸው ያወጣል ብለው።

አዲሱ አለቃዬ፣ የመሬት ኃላፊው፣ «አስር በአስር ቸክል» አለኝ።

«ይህ እኮ ግማሽ አይደለም» አልኩት።

«ቁመቱም ግማሽ፣ ወርዱም ግማሽ። ሂሳብ አልተማርክም እንዴ?»

አሮጌው ግቢ ላይ ሲባጎ ዘርግቼ አስር በአስር አድርጌ ከፈልኩት። አራት እኩል ቦታ ወጣ።

«የሚሰጧቸው ከአራቱ አንዱን ነው። ግማሽ ከሆነ ሁለቱን ይስጧቸው፤ አስር በሃያ።»

ሲባጎውን አየና ሳቀ። «እሱንማ አውቃለሁ። የቀረው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ችካልህን ምታ።»

ለካ የማስረዳው ለሚያውቅ ሰው ኖሯል! መዶሻውን እግሩ ሥር ጥዬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ችካሉን ሌላ ሰው መታው።

በማግስቱ አዴ ጫልቱ ዘንድ ሄድኩ። ችካሎቹን ነቅለው ጎመን እየቀቀሉባቸው ነበር። እሰይ አልኩ በሆዴ።

«አካም ቡልተኒ፣ አዴ?»

ሰላምታዬን አልመለሱም። «ያ ኢልማ ኮ፣ አንተ ልጄ፣ የልጄ ቤት የቱ ጋ ነው?»

በሳምንቱ የእንጨቱ ችካል በብረት ተተካ። አቤት ብል ወደ አርጆ አዛወሩኝ። ልጃቸውም ልጆቿን ይዛ ነቀምቴ አንዲት ክፍል ተከራየች። እናትና ልጅ የተለያዩት በዚህ ሂሳብ ነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጎኖቹ ሁሉ በግማሽ ሲቀነሱ የሚቀረው ቦታ ሩብ ነው። እናንተ አዲስ ቀያሾች፣ አለቃችሁ ይህን አያውቅም ብላችሁ አትድከሙ። ግማሹ ስንት በስንት እንደሆነ መጀመሪያ ለባለግቢው ንገሩ፤ ስብሰባው ሳይበተን።