ሰባት ነው ወይስ ስምንት የሚደመረው?

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው የዝናብ ወቅት፣ የወንድሜ አርባ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እዚሁ ጁባ ውስጥ ነው። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ስለ መኪና ስለሆነ አይደለም። መኪና አልወድም። ከመኪና ይበልጥ ደግሞ ስለ መኪና የሚያወራ ሰው አልወድም። ነገሩ የተፈጠረው ግን በመኪና ሰበብ ስለሆነ ሳልወድ በግድ ስለ መኪና ልጽፍ ነው።

ወንድሜ ዳዊት ይባላል። ይባል ነበር ማለት አለብኝ፤ ገና አልለመድኩትም። በዐሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፣ ጋሼ ነበር የምለው። ጁባ ታውን ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረው። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር «ና፣ እዚህ ከእኔ ጋር ሥራ» ብሎ ከአዳማ አስመጣኝ።

ጋሼ ሰውን በመኪና ሞዴል የመጥራት አመል ነበረው። ሱቁ ነው ያበላሸው። ሽማግሌ ደንበኛ ሲመጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሞዴሉ አሮጌ ነው፣ ሞተሩ ግን አልተነካም» ይለኛል። እኔን ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ «የዘጠና ሰባቱ» ነበር የሚለኝ፤ የተወለድኩት በዘጠና ሰባት ስለሆነ። አዳማ እያለሁ ስልክ ሲደውል ሰላምታው «የዘጠና ሰባቱ፣ ዛሬ በራስህ ተነሳህ ወይስ መገፋት ትፈልጋለህ?» ነበር።

ልጅ ሆኜ ያስቀኝ ነበር። ጁባ ስመጣ ግን አፈርኩበት። በመጣሁ በሳምንቱ «ሰው ፊት እንዲህ አትበለኝ፣ ሕፃን አይደለሁም» አልኩት። ትንሽ አየኝና «እሺ ጌታዬ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ናሆም ብቻ ሆንኩ። ቤት ገብተን በር ከተዘጋ በኋላ ያው የዘጠና ሰባቱ ነኝ። ይህን የምጽፈው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ።

ጋሼ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው አንድ መኪና ነበር፦ የውድድር ሱባሩ፣ ኮፈኑ ላይ አየር መሳቢያ ያለው፣ ኋላው ላይ ክንፍ የተተከለበት። ይህ መኪና ከቆመበት ተነስቶ በስንት ሰከንድ መቶ እንደሚገባ ሊነግረኝ ሲጀምር እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ። በጁባ መንገድ መቶ የሚገባው የት ነው? ከኮሎሎ ሰፈር ተነስተህ ጁባ ታውን እስክትደርስ ሦስተኛ ማርሽ ሳታስገባ ራስህ ጉድጓድ ትገባለህ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ያ ለመሬት የቀረበ ሆዱ ጭቃው ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ይህን ስነግረው «አንተ አይገባህም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ አይገባኝም።

ቢሆንም አዘዘ። የሚያስመጣለት ጋትሉዋክ የሚባል ደላላ ነው። ጋምቤላ ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛው ከብዙዎቻችን ይሻላል። ጋሼ ክፍያውን ጨርሶ፣ የየትኛው ዓመት ሞዴል እንደሚሆን መኪናው ሲመጣ አይቶ ሊመርጥ እየጠበቀ ሳለ ታመመ። ታይፎይድ ነው ተባለ። ቀጥሎ ሌላ ነገር ተባለ። ከዚያ በኋላ ምንም የሚል ሰው ጠፋ።

በመጨረሻው ቀን ሐኪሙ ያዘዘው መርፌ እዚያ አልነበረም። እኔ ልፈልግ ወጣሁ። ሦስተኛው ፋርማሲ ላይ አገኘሁት። ይዤው ስመለስ ጋሼ አልፏል።

አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ቢኒያም ነው። ቢኒያም ኮሎሎ ውስጥ ቡና ቤት አለው። ለቅሶው ላይ፣ ሰው ቀነስ ሲል ጠብቄ ጠየቅሁት።

«በመጨረሻ ምን አለ?»

«ስለ መኪናው ነው ያወራው» አለኝ። «የ2004ቱ ይሁን አለ።»

«ስለ እኔስ?»

መሬት መሬት አየ። «እንግዲህ ናሆሜ… ትንፋሽ አልነበረውም እኮ።»

ትንፋሽ ባይኖረውም ለመኪና ሞዴል የሚሆን ግን አላጣም ማለት ነው። በሞተ ሰው መናደድ ነውር ነው ይባላል። እኔ ተናደድኩ። ሠላሳ ስምንት ቀን ሙሉ ተናደድኩ። ቀን ሱቅ ከፍቼ እሸጣለሁ፣ ማታ እሱ አልጋ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ እያየሁ «ክንፍ ያለው መኪና!» እላለሁ። አባትና እናታችን የሉም። እሱ ሲሄድ ለእኔ የቀረኝ ሰው የለም። ይህን እያወቀ ያሰበው ሱባሩውን ነው።

ነገሩን ያባሰው ደግሞ ጀማል ነው። ጀማል ጁባ ታውን ውስጥ ስኳርና ዱቄት በጅምላ የሚያከፋፍል የጋሼ ሌላው ጓደኛ ነው። እሱ ደግሞ «የ2004 አይደለም፣ የ2005 ነው ያለው» ይላል። ጀማል በዚያች ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ ኮሪደር ላይ ነበር። ቢሆንም ከቢኒያም በላይ ያውቃል። ሰው «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ በሚገባበትና በሚወጣበት ድንኳን ውስጥ ሁለቱ በሹክሹክታ ሞዴል ሲከራከሩ እሰማ ነበር። አንዱ የ2004ቱ ቀለል ይላል ይላል። ሌላው በ2005 የጎማው መያዣ ሰፍቷል፣ ቸርኬውም ተለውጧል ይላል። ጀማል የሚነዳው የዱቄት አይሱዙ ነው። ቢኒያም ጭራሽ መንጃ ፈቃድ የለውም።

ቅዳሜ ዕለት ጋትሉዋክ ደወለ። ሁለት መኪና ገብቷል፣ አንዱ 2004 ሌላው 2005፤ አንዱን ምረጡ፣ ሌላውን የሚጠብቅ ሰው አለ አለ። እኔ መሄድ አልፈለግሁም። ቢኒያም «የሟች ቃል ነው፣ መፈጸም አለብህ» አለኝ። ይህ ቃል ያዘኝ። ብናደድበትም የጋሼ የመጨረሻ ቃል ሌላ የለኝም። እሱኑ ልፈጽም ብዬ ከቢኒያምና ከጀማል ጋር ሄድኩ።

የጋትሉዋክ ግቢ ጀበል ኩጁር በሚባለው ተራራ በኩል ከከተማ መውጫው ላይ ነው። ሁለቱ መኪናዎች ታጥበው ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። ሁለቱም ክንፍ አላቸው። ዞር ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ልዩነታቸው አልታየኝም።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኩ።

ሦስቱም እንደ ዕብድ አዩኝ።

«ጎማውን እየው እንጂ!» አለ ጀማል፣ እጅጌውን ሰብስቦ ቁጢጥ እያለ። «ይሄኛው ሰፋ ያለ ነው። ወላሂ ዓይነ ስውር እንኳ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል።»

«ሰፋ ማለት ከበደ ማለት ነው» አለ ቢኒያም። «ዳዊት ክብደት አይወድም። አንተ መኪና ስትመርጥ ስንት ኩንታል ይጭናል ብለህ ነው።»

«አንተ የምትነዳው የቢራ ሳጥን ነው፣ ዝም በል!»

ጋትሉዋክ መኪናዎቹን የወለወለበትን ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይስቃል። «መፊ ሙሽኪላ» ይላል፣ ችግር የለም ለማለት። «ሁለቱም ጥሩ ነው። ብቻ ዛሬ ካላስ በሉኝ፣ ይጨረስ።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ተጨቃጨቁ። ኮፈን ከፈቱ፣ ዘጉ። ሞተር አስነሱ፣ አጠፉ። ቢኒያም መሪውን ይዞ በአፉ እንደ ሞተር ድምፅ አወጣ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። እኔ አንድ የተጣለ ጎማ ላይ ተቀምጬ ወንድሜ ለእነዚህ ሰዎች ብሎ የሞተ መስሎ ታየኝ። ምን እንደምል አላውቅም፣ እንደዚያ ነው የተሰማኝ።

በመጨረሻ ተነሳሁና ጮህኩ።

«አንድ ሰው ነው የተናገረው! አንድ ቃል ነው! እንዴት 2004ም 2005ም ይሆናል? ቢኒያም፣ ምንድን ነው ያለህ? ቃል በቃል ንገረኝ!»

ቢኒያም ከመኪናው ወጣ። ደነገጠ መሰለኝ።

«ቃል በቃል ከሆነ… 2004 አላለም። ዘጠና ሰባት ነው ያለው። በእኛ አቆጣጠር ነው የተናገረው። እኔ እንዳይምታታብህ ብዬ በፈረንጅ ቀይሬ ነገርኩህ። ሰባት ደመርኩበት፣ 2004 መጣ።»

«ሰባት?» ብሎ ጮኸ ጀማል። «እኔ ያኔም ነግሬሃለሁ! ስምንት ነው የሚደመረው!»

«ሰባት ነው!»

«ስምንት ነው!»

«ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ነው» አለ ጋትሉዋክ በእርጋታ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አቆጣጠሩ የእናንተ አይደለም እንዴ? እኔ ጋምቤላ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ደግሞስ መኪና መቼ ነው በሐበሻ ዓመት ተጠርቶ የሚያውቀው? ዳዊት አንድ ቀን በሐበሻ ዓመት አውርቶኝ አያውቅም።»

እኔ ግን ከዘጠና ሰባት በኋላ የተባለውን ሁሉ የሰማሁት ከሩቅ ነው።

«ቢኒያም» አልኩ። «ዘጠና ሰባት ብቻ ነው ያለው? ከፊቱ ከኋላው ምን አለ?»

«‹የዘጠና ሰባቱን አደራ› አለኝ። እጄን ይዞ። ሁለቴ ነው ያለው።»

«መኪና አደራ ይባላል?»

ዞር ብሎ መኪናዎቹን አየ።

«ለመኪና ነው ሰው እጅ ይዞ አደራ የሚለው?»

«እኔ እንግዲህ… ሁልጊዜ የምናወራው ስለ…»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የዘጠና ሰባቱ እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው።»

ጋትሉዋክ ጨርቁን ከትከሻው አውርዶ «ማሌሽ» አለ፤ እዚህ ይቅርታም አይዞህም ለማለት ይሆናል። ቢኒያም ኮፍያውን አወለቀ። ፊቱ ተለዋወጠ። ሠላሳ ስምንት ቀን ሙሉ አደራ የተባለውን ልጅ ትቶ መኪና ሲጠብቅ እንደኖረ ያኔ የገባው ይመስለኛል። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ቁርስ በልተሃል?»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጀማል ጠጋ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ትከሻዬን ያዘኝ። የሚያጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

«የትኛው ወር ነው የተወለድከው?» አለኝ።

«ሰኔ።»

ወደ ቢኒያም ዞረ። «አላልኩህም? ስምንት ነው!»

ልመታው ፈልጌ ነበር። ሳቄ መጣ። ጋሼ ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና መቆም አቃተኝ። ተመልሼ ጎማው ላይ ተቀመጥኩ።

መኪና አልመረጥንም። ጋትሉዋክ ሁለቱንም ለሌላ ሰው ሰጠ፣ የእኛንም ገንዘብ ሳያጉላላ መለሰ። ሌላ ደላላ ቢሆን ይህን ያደርግ እንደሆነ አላውቅም። በአርባው ዕለት አንድ እንግዳ ቢኒያምን «በመጨረሻ ምን ተናገረ?» ብሎ ሲጠይቀው ሰማሁ። ቢኒያም በአገጩ ወደ እኔ አመለከተና «እሱን ነው ያለው» አለ። ሌላ አልጨመረም።

እነዚህን ሰዎች አሁንም አላከብራቸውም። እንዋሽ ካልተባለ በቀር አሁንም በየሳምንቱ እሑድ ቡና ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው 2004ን ከ2005 ያነጻጽራሉ። መኪኖቹ ከተሸጡ ቆይተዋል። ቢኒያም በየቀኑ ጠዋት ወደ ሱቅ እየደወለ ቁርስ መብላቴን ይጠይቀኛል። በስልኩ የሚሰማው የራሱ ማላመጥ ነው። «በልቻለሁ» ብዬ እዘጋበታለሁ። አንድ ቀን ሳይደውል ሲቀር ግን እስከ አምስት ሰዓት ስልኩን ሳየው ዋልኩ።

ይበልጥ የምንቀው አንድ ሰው አለ። «ሰው ፊት እንዲህ አትበለኝ» ያለውን። ያን ባልናገር ኖሮ ቢኒያምም ጀማልም ስሙን ይሰሙት ነበር፤ እኔም ያን ሁሉ ቀን ወንድሜን አልቀየመውም ነበር። ጋሼ ቃሉን ጠብቆ፣ የደበቀልኝን ስም ሰው ፊት ያወጣው ሊሞት ሲል ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጁባ ታውን ገበያው መሐል እያለፍኩ ቢኒያም ከመንገዱ ማዶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ የዘጠና ሰባቱ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ተናደድኩ። ዞርኩ ግን።