«ሃርድሊ» ብዬ የጻፍኩላቸው ማመልከቻ

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር፣ የእኔ በርና የጎረቤቴ በር ፊት ለፊት ነበሩ። በመካከላችን ያለው ጠባብ ሲሚንቶና የጋራ ቧንቧ ብቻ ነው። ከግቢው ለመውጣት የግድ በእሳቸው ደጃፍ ማለፍ ነበረብኝ።

ጎረቤቴ አርባዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የሰው ልብስ እያጠቡ ሁለት ሴት ልጆች ያሳድጉ ነበር። እኔ ደግሞ አስኮ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ግቢው ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ከመጣ የምጠራው እኔ ነኝ። መጠራቱን እወደው ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ቀን ጎረቤቴ አንድ ሆቴል የላውንደሪ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰምተው መጡ። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ካልሆነ አይቀበሉም ተብለዋል።

«ሥራ የማልፈራ መሆኔ ይግባቸው፤ እሱን አጥብቀሽ ጻፊልኝ» አሉኝ።

አጥብቄ ጻፍኩ። በትጋት እሠራለሁ ለማለት «አይ ወርክ ሃርድሊ» አልኩ። ለተማሪዎቼም የማስተምረው እንዲሁ ነበር፤ «ስሎው» ላይ «ሊ» ሲጨመር በዝግታ ከሆነ፣ «ሃርድ» ላይ ሲጨመርማ በትጋት ነዋ! መዝገበ ቃላት ገልጬ አላየሁም።

ለዒድ ብቻ የሚለብሱትን ሻርፕ አድርገው ለኢንተርቪው ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ግራ የተጋባ ነው።

«አንደኛው ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበና ተሳሳቁ። ‹ሃርድሊ፣ ሃርድሊ› ይባባላሉ። ምነው ስላቸው ‹ምንም አይደል፣ እንደውልልዎታለን› አሉኝ። ምን ማለት ነው እሱ?»

«በትጋት ማለት ነው» አልኳቸው።

ቤቴ ገብቼ ስልኬ ላይ ፈለግኩት። እምብዛም፣ የለም በሚባል ደረጃ ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ጆሮዬ ጋለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ጭንቅ ነበሩ። ሆቴሉ ይደውላል ብለው የሰው ልብስ መቀበል አቁመዋል። ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ከበሬ ጀርባ ቆሜ እስኪገቡ እጠብቃለሁ፤ እሳቸው ግን አይገቡም። ትምህርት ቤት ሲረፍድብኝ አንገቴን ደፍቼ እወጣለሁ።

«አልደወሉም እኮ» ይሉኛል።

«ይደውሉ ይሆናል» እላለሁ። ውሸቱ በየቀኑ አንድ ክንድ ይረዝማል።

በስድስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። «ቲቸር፣ ውሃ መጥቷል! ሳይሄድ ባልዲሽን አውጪ።» ስወጣ የራሳቸውን ጄሪካን ወደ ጎን አድርገው ወረፋውን ለቀቁልኝ። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«እትዬ፣ ያቺ ቃል በትጋት ማለት አይደለችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ማለት ናት?»

«ለምሳሌ ሰሞኑን ውሃ ‹ሃርድሊ› መጣ ቢባል፣ መጣም አይባል ማለት ነው። ሌሊቱን ‹ሃርድሊ› ተኛሁ ካልኩ፣ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም እንደ ማለት ነው።»

«እኔ ‹ሃርድሊ› እሠራለሁ ካልኩስ?»

«ሥራ የሚባል ነገር አልነካም… እንደ ማለት ይሆናል።»

ቧንቧውን ዘጉት። «ሥራ አልነካም ብዬ ነው ሥራ የጠየቅኩት?» ሊስቁ ያሉ መስሎኝ ነበር። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ያን ዕለት።»

«ስድስት ቀን ሙሉ እዚህ ተቀምጬ ስልክ ስጠብቅ እያየሽኝ?»

ገብተው በራቸውን ዘጉ።

በማግስቱ የተስተካከለ ማመልከቻ ይዤ ሆቴሉ ሄድኩ። ሰው ቀጥረዋል። ያንኑ ቀን ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ቃሉን ጻፍኩና እስካሁን ያስተማርኳችሁ ስህተት ነው አልኩ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ፈተናው ላይ ‹እምብዛም› ብዬ ነበር፤ ኤክስ አደረጉብኝ።» ወረቀቷን ተቀብዬ አረምኩላት።

ጎረቤቴ ከወር በላይ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተነፈሱልኝም። ሰላምታውም ይቅር ብዬሻለሁ እንደ ማለት አልነበረም፤ የግቢ ወግ ነው። ቤት ልቀይር አስቤ ነበር፤ በዚያ ኪራይ ሌላ ክፍል አጣሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወረቀት ይዘው መጡ። ሳንሱሲ አካባቢ ያለ ክሊኒክ አንሶላ የሚያጥብ ይፈልጋል።

«ትጽፊልኛለሽ። ግን እያንዳንዷን ቃል በአማርኛ ሳትነግሪኝ አልፈርምም።»

አጠገቤ ተቀምጠው ጣታቸውን በየቃሉ ላይ እያሳረፉ «ይቺስ? ይቺስ?» አሉ። ያልተማመንኩበትን እዚያው ስልኬ ላይ እያየሁ መለስኩ። ስድስት መስመር ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጀን። ሰኞ ወስደው ሰጡ፤ በሳምንቱ ሥራ ጀመሩ።