ለወንድሜ የበጠበጥኩት ጨው

ወጥ ስሠራ ጨው አልቀምስም፤ የሚቀምሱልኝ ልጆቼ ናቸው። ጨው ምላሴ ላይ ሲያርፍ ያ የቆቦ መጠለያ፣ አቧራው፣ የበሽተኛው ሽታ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ ሁሉ ይመጣብኛል።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዝናቡ ቀርቶ ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ፤ ከብቶቹ አለቁ፤ አባቴም ከእነሱ በኋላ ብዙ አልቆየም። እናቴ ሁለት ዓመት ያልሞላውን ወንድሜን አዝላ፣ እኔ ለከብቶቹ ተገዝቶ የተረፈውን ስባሪ አሞሌ ጨው በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ከሮቢት በታች ካለው ቀያችን በእግራችን ቆቦ ገባን።

እዚያ ወንድሜን ተቅማጥ ያዘው። ዓይኑ ጎደጎደ፤ ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም። በመጠለያው በሽተኞችን የሚያክመው ድሬሰር ገና ጢም ያላበቀለ ወጣት ነበር። ለተቅማጥ ከጨው ጋር የሚበጠብጠው ስኳር ስላለቀበት ቀጠን ያለ ሙቅ በጣሳ ሰጠኝና፣ “ከአሞሌሽ ትንሽ ፍቀሽ በጥብጪለት” አለኝ። “ግን መጀመሪያ ቅመሺው። ጨውነቱ ከእንባ ከበለጠ ይጎዳዋል፤ ድፊው።”

ሁለት ቀን እንዳለኝ አደረግሁ። ወንድሜ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ መጠጣት ጀመረ። “አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኑ ተመለሰ” አለች እናቴ።

በሦስተኛው ቀን ጧት፣ አብራኝ ውሃ የምትቀዳው ጓደኛዬ ሞታ አደረች። እያለቀስኩ አሞሌውን ፋቅሁ፤ እያለቀስኩ ቀመስኩት። እንባዬ ከንፈሬ ላይ ይወርድ ነበርና የጣሳውን ጨው ከራሴ መለየት አቃተኝ። ልድፋው ብል ሌላ ሙቅ የሚታደለው ከቀትር በኋላ ነው። ሰጠሁት። ጠምቶት ነበር፤ ከግማሽ በላይ ጠጣ።

ቀትር ሳይሆን ሞተ።

ድሬሰሩ ሲመጣ፣ “ጨው አብዝቼበት ይሆን?” አልኩት። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን ወደ ጣሳው ዘረጋች፤ ልትቀምሰው ነው። እሱ ቀደማት። አንዴ ተጎነጨ፣ ቀጥሎ የቀረውን በሙሉ ጨለጠው።

“ልክ ነው” አላት። “በሽታው ነው እንጂ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። አብሽሪ።”

እናቴ አመነችው። እስከ ማታ አቅፋኝ ዋለች፤ እስክትሞት ድረስም አንድ ቀን ክፉ አልተናገረችኝም።

ይኸውልህ፣ ጨው ለምን እንደማልቀምስ ስለጠየቅኸኝ፣ ለእሷ ያልነገርኳትን ለአንተ ልንገርህ። ድሬሰሩ ከእኛ ዘንድ እንደወጣ በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁት። በርሜሉ አጠገብ ቆሞ በላይ በላዩ ውሃ ይጠጣ ነበር። ሙቀቱ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ ደፍሬ አልጠየቅሁትም።